ቃሉን በእጅ ይዞ ቃል ፍለጋ

በወንጌላውያን አማኞች ቤት ያደገ ሰው «ቃሉ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። መጽሐፍ ቅዱስ ነው። «ቃሉን አንብብ»፣ «ቃሉ ምን ይላል?»፣ «ቃሉ እንዲህ አይልም» እየተባልን ነው ያደግነው። «ል»ን «ሉ» የምታደርገው ትንሽ ቅጥያ ብዙ ሥራ ትሠራ ነበር። የምንነጋገርበት ነገር የታወቀ፣ በሁላችንም ፊት የተዘረጋ መሆኑን ትናገራለች። እናቴ ብታነብበውም ፓስተሩ ቢያነብበውም ያው ነው። ፓስተሩ ቢሳሳት እናቴ ገጹን ገልጣ ልታሳየው ትችል ነበር፤ አንዳንዴም አድርጋዋለች።

ካለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ያቺ ቅጥያ እየወደቀች ነው። አሁን ጆሮዬ የሚሰማው «ቃል አለኝ»፣ «ቃል መጣልሽ»፣ «ነቢዩ ቃል ሰጠኝ»፣ «የዓመቱን ቃል ተቀበልክ?» የሚል ነው። ይህኛው ቃል ገና የሚመጣ ነው፤ ያለውም በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነው። እናቴ ልታመሳክረው ብትፈልግ የምትገልጠው ገጽ የለም። «ጌታ ተናገረኝ» ለሚል ሰው ምን ትመልሳለህ? አሜን ትላለህ፣ ወይም ዝም ትላለህ።

ስለ ነቢያቱ ብዙ ተጽፏል። ስለ መኪናቸው፣ ስለ ጠባቂዎቻቸው፣ «ዘር ዝሩ» እያሉ ስለሚሰበስቡት ገንዘብ፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ወለጋ መቃብር አስቆፍሮ ሬሳ ላይ ስለተኛውና የሞተው አልነሣ ሲለው ፖሊስ ስለወሰደው ሰው አንብበናል፣ ስቀናልም። የጽሑፎቹ ሁሉ ዓይን ግን መድረኩ ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው። ሻጩ ሌባ ነው ብለን ስንጮህ፣ ገዢው ቤቱ ሙሉ እህል እያለው ለምን ገበያ እንደወጣ አልጠየቅንም።

ለእኛ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ የተወለድነው ከማንበብ ነውና። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ፣ በፈረንሳዩ ምክትል ቆንስል በአስሊን ደ ሸርቪል ጥያቄ፣ ለዐሥር ዓመት ያህል መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ሲመልስ ቆየ። ከ9 ሺህ ገጽ በላይ የሆነውን ያን የእጅ ጽሑፍ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ፣ ሙሉው በአማርኛ ሲታተም እ.ኤ.አ. 1840 ነበር። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እርሷም እንደርሱ ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ፣ በኦሮምኛ ሙሉውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 1899 አሳተመ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የውጭ ሚሲዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ 48 የተጠመቁ አማኞች ቀርተው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የተመለሱት ሚሲዮናውያን 10 ሺህ ገደማ አገኙ። ያን ጊዜ በወላይትኛ የነበረው የመጽሐፍ ክፍል በጣት የሚቆጠር ነው። ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው እያነበበ ነው ያ ሁሉ ሰው የመጣው።

ደርግ ደግሞ ሳያስበው ያንኑ መልሶ አመጣው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባሎቿ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሕንፃው ተወረሰ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ ምእመኑ በየሳሎኑ በትንንሹ ተከፋፈለ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ቁጥሯ 34 ሺህ ገደማ ደርሶ ተገኘ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ መንፈስ ቅዱስ ሥራ ምስክርነት ሆኖ ነው፤ ልክ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን በዚያ ሳሎን ውስጥ ምን ዓይነት ነገር ይቻል እንደነበር፣ ምን ዓይነትስ እንደማይቻል ማየት ይጠቅማል። ማይክራፎን የለም። ተራው የደረሰው ያነባል፤ ያልገባው ይጠይቃል። «ጌታ ተናገረኝ» የሚልም አይጠፋም ነበር፤ ትንቢት ለኛ ትላንት የመጣ አይደለም፣ እኔም ትንቢት የለም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ግን ያ ሰው ሲናገር ዙሪያውን የተቀመጡት ስምንት ሰዎች ያውቁታል። ሚስቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ የማን ዕዳ እንዳለበት፣ ባለፈው ያለው ደርሶ እንደሆነ ወይም እንደቀረ ያውቃሉ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ ይመዝኑ ብሎ የሠራው ሥርዓት የሳሎን ሥርዓት ነው። አምስት ሺህ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያው ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ባለበት፣ «ሌሎቹ» እነማን ናቸው? መዘምራኑ? አስተናጋጆቹ?

በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ 5.5 በመቶ ነበር፤ በ1987ቱ 10.2፣ በ1999ኙ 18.6 በመቶ ሆነ። በ23 ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ያደገ ቤት ሁሉን ሰው አስቀምጦ ማስተማር ይከብደዋል። የደቀ መዝሙር ትምህርቱ አጠረ፣ የሐሙሱ ጥናት በኮንፈረንስ ተተካ። ብዙዎቻችን የመጣነው በአዳራሹ በር እንጂ በሳሎኑ በር አይደለም።

ከዚያ ስክሪኑ መጣ። ድሮ ሰባኪው «ኤርምያስ ሃያ ዘጠኝን ክፈቱ» ሲል ሽው የሚል የወረቀት ድምፅ አዳራሹን ይሞላው ነበር፤ የከፈተው ሰው ዓይኑ ሳይወድ በግድ ላዩንና ታቹን ያያል። አሁን ጥቅሱ ብቻውን፣ ፀሐይ መጥለቂያ ሥዕል ላይ ተጽፎ፣ ግድግዳው ላይ ይበራል። እርግጥ ስልኬ ላይ ሦስት ዓይነት የአማርኛ ትርጉም አለኝ፣ የ1954ቱን ከአዲሱ መደበኛ ትርጉም ጋር ቁጭ ብዬ አስተያያለሁ፤ አያቴ ይህን ብታይ ታለቅስ ነበር። መሣሪያውን አልረግምም። ግን ቁጥር ነክቶ ጥቅሱ ላይ መውደቅና ገጽ እየገለጡ እዚያ መድረስ አንድ አይደሉም። የቁጥር ክፍፍሉ ራሱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የገባ ነው፤ ኤርምያስ «ቁጥር 11» ብሎ የጻፈው ነገር የለም።

ኤርምያስን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሃያ ዘጠነኛው ምዕራፍ ዐሥራ አንደኛው ቁጥር፣ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው በጎ እንደሆነ፣ መጨረሻቸውም ተስፋ እንዳለው የሚናገረው፣ የታክሲ መስታወት ላይ አለ፤ የምረቃ ኬክ ላይ፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ፣ የቴሌግራም ፕሮፋይል ላይ አይቼዋለሁ። «ቃል» ሰጪዎችም ከዚህ የበለጠ የሚወዱት ያለ አይመስለኝም።

ጥቅሱ የተቆረጠው ከደብዳቤ ነው። ናቡከደነፆር ማርኮ ባቢሎን ላሰፈራቸው ሰዎች ከኢየሩሳሌም የተላከ፣ የሳፋን ልጅ ኤልዓሣና የኬልቅያስ ልጅ ገማርያ ያደረሱት ደብዳቤ። ምርኮኞቹ ያላቸው ጥያቄ ያው የስደተኛ ሁሉ ጥያቄ ነው፦ መቼ ነው የምንመለሰው? ለጥያቄው መልስ የሚሸጥም አልጠፋ። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትሉ የገባዖኑ ሐናንያ በቤተ መቅደሱ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሁለት ዓመት፣ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል፣ የተዘረፈው የቤተ መቅደስ ዕቃ ይመለሳል፣ ንጉሡም ይመለሳል። ንግግሩ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ትርኢትም አለው፤ ኤርምያስ አንገቱ ላይ ያሰረውን የእንጨት ቀንበር ወስዶ በሰው ሁሉ ፊት ሰበረው። ዛሬ ቢሆን ቪዲዮው እስኪነጋ ስንት ሰው ባየው።

የኤርምያስ ጠባይ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሐናንያን ሲሰማ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «አሜን» ነው። ምነው እንዳልከው ባደረገው፣ ዓይነት ነገር። የሚናገረው ክፉ ነገር ጣፍጦት የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እርሱም ሁለት ዓመት ቢሆን ይመርጥ ነበር። ቀንበሩ ሲሰበርበትም አልተሟገተም፣ መንገዱን ሄደ። ቃል ይዞ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፦ የእንጨቱን ሰብረሃል፣ በምትኩ የብረት ይሆናል። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

እንግዲህ ደብዳቤው የተጻፈው በዚህ አየር ውስጥ ነው። የሚለውም፦ ቤት ሥሩና ኑሩበት፤ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፤ አግቡ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፤ ለማረከቻችሁ ከተማ ሰላም ጸልዩ። ቀጥሎ በመካከላችሁ ያሉት ነቢያት አያታልሏችሁ ይላል። ቀጥሎ ሰባ ዓመት ይላል። ዐሥራ አንደኛው ቁጥር የሚመጣው ከሰባው በኋላ ነው። ሰባ ዓመት ማለት ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኛው ባቢሎን ይቀበራል ማለት ነው። ተስፋው እውነት ነው፤ የሚያዩት ግን የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

የሁለት ዓመት ነቢያትን ለማረም የተጻፈ ቃል የሁለት ዓመት ነቢያት መፈክር ሆኗል። ይህን ያህል የተገለበጠ ነገር አላውቅም። አሳዛኙ ደግሞ አማርኛችን ራሱ ሊያስጠነቅቀን ይሞክር ነበር። እንግሊዝኛ አንተንም እናንተንም በአንድ ተውላጠ ስም ስለሚጠራ አንባቢው ቢሳሳት አይፈረድበትም። አማርኛው ግን «ለእናንተ» ብሎ በግልጽ ጽፎታል፤ ለሕዝብ ነው። እኛ ካርዱ ላይ ስናሰፍረው «ለአንቺ» አደረግነው፣ አንዳንዱም ስም አስገባበት። ደብዳቤው ያን ጊዜም ለሁሉ አልጣመም። ኔሔላማዊው ሸማያ ባቢሎን ሆኖ «ቤት ሥሩ» የምትለዋን ሰምቶ ተናደደ፣ ይህ ሰው ለምን አይታሰርም ብሎም ወደ ኢየሩሳሌም ለካህኑ ለሶፎንያስ ጻፈ። ሸማያን እረዳዋለሁ። ሻንጣውን ለሸከፈ ሰው «ችግኝ ትከል» ከማለት የከፋ ስድብ የለም።

በአዲስ ኪዳንም ብንሄድ፣ ትንቢቱ በዝርዝር የተጻፈለት አጋቦስ የተናገረው ስለ ረሃብና ስለ እስራት ነው። ረሃቡን የሰሙት የአንጾኪያ ሰዎች እንደየአቅማቸው አዋጥተው ለይሁዳ ወንድሞች ላኩ። አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር አስሮ «ባለቤቱ እንዲህ ይሆናል» ሲለው ደግሞ ጳውሎስ ጉዞውን አልሰረዘም። አንጾኪያ ትንቢት ተሰምቶ ገንዘቡ ወደ ተራቡት የሄደበት ጉባኤ ነው። በእኛ ጉባኤ ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫ ሌላ ነው።

የስልክ ቁጥር መናገርን ግን በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ነቢዩ ከመድረክ ሆኖ ዜሮ ዘጠኝ መቶ ብሎ ሲጀምር አዳራሹ በጩኸት ይናወጣል። ቁጥሬን እኮ እኔም ዐውቀዋለሁ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ያውቀዋል። እዚህ ላይ ቀልድ ቢያምረኝም ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ቁጥሩ መግቢያ ነው። ቁጥሬን ካወቀ ቀጥሎ የሚለውንም ያውቃል ይባላል፣ ቀጥሎ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ «የሚተበትብሽ ሰው አለ» ነው። አክስት ትሆናለች፣ የባል እናት ትሆናለች፣ ቀይ የምትለብስ ጎረቤት ትሆናለች። አያቶቻችን ወንጌል ሲሰሙ ጥለው የወጡት የቃልቻው ቤት ይህንኑ ጥያቄ ያስተናግድ ነበር፦ ማን አደረገብኝ? ያ ቤት ጫትና ቡና ነበረው፣ ይህኛው ኪቦርድ አለው። ከአክስቷ ጋር ለስድስት ዓመት ያልተነጋገረች ሴት ዐውቃለሁ። አክስቲቱ እስከ ዛሬ ምክንያቱን አታውቅም።

ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ይህን እያነበቡ ፈገግ ካሉ፣ እነርሱም ዘንድ የአንዳንድ «አጥማቂዎች» ሰልፍ ከጉባኤ ቤቱ ሰልፍ እንደሚረዝም አይክዱኝም። ግን የምቀናባቸው ነገር አለ። በአንድምታው ትርጓሜ ያደገ መምህር አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» ይላል፣ ይፈታል፣ ታሪኩን ይነግራል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ቀን ይውላል፤ ተማሪውም ከላይ ምን እንዳለ፣ ከታች ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ አያልፍም። እኛ ወንጌላውያኑ መጽሐፉን ለሁሉ ሰው እንሰጣለን ብለን ከዚያ ወጣን፤ መስጠቱንም ሰጠን። አነባበቡን ግን ይዘን አልወጣንም። ለሁሉም የተሰጠ፣ ማንም የማያነብበው መጽሐፍ ለነቢዩ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ነው፤ ከመሃሉ የወደደውን መዝዞ ቢያወጣ የሚያስቆመው የለም።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚሰጠው «የዓመቱ ቃል» ዋና ማሳያዬ ነው። መስከረም 2012 ሲገባ ከአራት መድረኮች የሰማኋቸውን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌያለሁ፦ የእጥፍ ዓመት፣ የመክፈት ዓመት፣ የመውጣት ዓመት፣ አንዱ ደግሞ የመሰብሰብ ዓመት። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ አዲስ አበባ ተገኘ፤ መሰብሰቢያው ሁሉ ተዘጋ። የ2013ን ቃል ተቀብለን ጥቅምት ሳያልቅ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። ኦሪት ዘዳግም ያልደረሰን ትንቢት ምን እንደምንለው በግልጽ ይናገራል። በሚቀጥለው ዋዜማ ግን ማንም ተነሥቶ «ያምናው ምን ሆነ?» አላለም፤ እኔም አላልኩም። ኮንፌቲው ተበተነ፣ አዲስ ቃል ተሰጠ፣ ቲሸርት ታተመበት።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ከነዚህ መድረኮች በቀጥታ በሚተላለፉት ስርጭቶች ላይ ከሚደውሉት መካከል ከቤይሩት፣ ከዱባይ፣ ከሪያድ የሚደውሉ እህቶች ብዙ ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ማዳሟ እንዳትሰማ። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፣ ከቤት ለመውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋታል። ቤተ ክርስቲያኗ ስልኳ ናት። «ነቢይ፣ መቼ ነው አገሬ የምገባው?» ትላለች። ልክ ባቢሎን የተጠየቀው ጥያቄ! ለእርሷ የኤርምያስን ዐውድ ላስተምርሽ ብል ሳፍር ይታየኛል። «በሦስት ወር ውስጥ» የሚላት ሰው ቢያንስ ስሟን ጠርቷታል። እኛ ዐውድ ዐዋቂዎቹ ጠርተናት እናውቃለን? የሐናንያ ገበያ የሚደራው ኤርምያስ ደብዳቤ መላክ ሲያቆም ነው። ደብዳቤው እኮ ከሁሉ በፊት የሚያሳየው፣ ኢየሩሳሌም የቀረ አንድ ሰው ባቢሎን ያሉትን አለመርሳቱን ነው።

መፍትሔው ሕግ ነው የሚሉ አሉ። የወንጌል አማኞችን አብያተ ክርስቲያናት የሚያሰባስበው ካውንስል በ2012 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቋቁሟል፤ ሥርዓት እንዲያስይዝ ይጠበቅበታል። ማታለልን ፍርድ ቤት ይየው፣ ሒሳቡን ኦዲተር ይየው፣ እስማማለሁ። ሐናንያን ግን ካውንስል ቢያግደው በማግሥቱ ሌላ አዳራሽ ይከራያል፤ ከሚከራየው አዳራሽ ይልቅ የሚከተለው ሕዝብ ነው ሐናንያ የሚያደርገው።

ባለፈው ክረምት ሐሙስ ሐሙስ ማታ ዘጠኝ ሆነን ቤታችን መሰብሰብ ጀመርን። ሰባኪ የለንም፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ቡና ይፈላል። ከኤርምያስ 27 ጀምረን እስከ 29 መጨረሻ ሳንቆርጥ አነበብን። ከመካከላችን አንድ ወጣት አለ። ከአራት ዓመት በፊት «ዓመቱ ሳያልቅ ካናዳ ትገባለህ» የሚል ቃል ተቀብሏል። ጥሩ ሥራ አለው፤ የተከራየው ቤት ግን ባዶ ነው፣ ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግቶ ይተኛል። አልጋ ያልገዛው ስለሚሄድ ነው።

ንባቡ ሲያልቅ ማንም አልተናገረም። በኋላ እርሱ «ሰባ ነው ያለው?» አለ። ያነበበችው ልጅ ወደ ኋላ ገልጣ፣ «ሰባ ነው» አለችው። ስኒውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ወለሉን ሲያይ ቆየ። ቆጭቶት ይሆናል፣ ተቆጥቶብን ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ይቀራል ብዬም ነበር።

መጣ። ጫማውን በር ላይ እያወለቀ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ ባለቤቴን «እትዬ፣ መርካቶ አልጋ ስንት ገብቷል አሁን?» ብሎ ጠየቃት።